ፎሌ ነህ ወይ?

ሦስተኛ ቀናችን ነው። ከፍራንኮ ዝቅ ብሎ፣
የአዳማ ነፋስ በቀትር አቧራውን አዝሎ
በቆርቆሮው ስንጥቅ ገብቶ ኮፈኑ ስር ያድራል።
ቁልፉን ሳዞረው ሁሉም ይሠራል፦
መብራቱ ይበራል፣
ራዲዮው ያወራል፣
መጥረጊያው ደረቅ መስታወት ይፈትጋል፤
ሞተሪኖው ብቻ
ጭጭ።
ባትሪ ሲደክም እንኳ የምትሰማ ያቺ "ቀጭ"
የለችም።

ጋሽ መርጊያ እጁን በናፍጣ ያጥባል፤
"ከብረቱ እስከ ዘይቱ የኔ ነው" ይላል፣
"ቦሎኑ ጠብቋል፤
ሽቦው ያንተ።"
እውነቱን ነው። አውቶማቲኩ ሞጆ መንገድ ላይ ነፍሱ ወጣ፣
ማኑዋሉ ከሶማሌ ተራ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤
ፍሪሲዮኑ ገጠመ፣ ዘንጉ ልኩን አገኘ፤
የቀረው፣ የኔ ጣጣ።

ባለመኪናው ለሚ በየሰዓቱ ይደውላል፤
"የወንጂ ደንበኞቼ ሌላ መኪና ሊለምዱ ነው" ይላል።
"ደረሰ?"
"ደረሰ።"
"ዛሬ?"
"ዛሬ ማታ፣ ቢዘገይ ነገ።"
ባልነካሁት ሽቦ እምላለሁ።

ባትሪውን ለካሁ፤ አሥራ ሁለት ከምናምን።
ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቅዬ
እንደ ራጅ ወደ ፀሐይ ያዝኩ።
ሪሌውን ከጎረቤት መኪና ተውሼ ለወጥኩ።
በመጨረሻ ፎሌ ላይ አድርጌ
ሞተሪኖውን በካቾቢቴ ቆነጠጥኩ፦
ብልጭ! ዞረ።
ደህና ነው እንግዲህ። ትእዛዙ ነው መንገድ ላይ የቀረ።

ቢፍቱ፣ ሥራ ከጀመረች አራት ወር ያልሞላት፣
ሽቦ የሚያዋራት፣
መኪናዋ ስር ተንጋላ ድምጿን ብቻ ላከች፦
"ጋሼ፣ ይቺ ሶኬት ማንን ነው የምትጠብቀው?"

ገብቼ አየሁ። ግራጫ ሶኬት፣ አፏ እንደተከፈተ፣
የድሮው ካምቢዮ ጎን ላይ ተሰክታ የኖረች።
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ቁልፍ በዞረ ቁጥር፣
"ፎሌ ነህ ወይ?" ስትለው
"ፎሌ ነኝ፣ አስነሺ" ሲላት።
ዛሬ እሱ ግቢው ጥግ፣ ብረት ክምር ላይ ተጋድሟል፤
የጎረቤት ዶሮ ጥላው ስር እንቁላል ጥላለች።
መሄዱን ለሶኬቷ የነገራት የለም።
ትጠይቃለች።
ትእዛዙን አፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች።

ሁለቱን ሽቦ መረጥኩ፣ ላጥኩ፣ ጠመዘዝኩ፣
በፕላስተር ጠቀለልኩ።
ከስሯ ከወጣሁ ደቂቃ አልሞላኝም፤
"ሞክሪ" አልኳት።
ቢፍቱ በመስኮቱ እጇን ሰዳ ቁልፉን ብታዞር
የተነሳው ሞተሩ አልነበር፤
መኪናዋ ናት የተነሳችው!
ዘላ የውሃ በርሜሉን ገጨችው፤
በርሜሉ ጋሽ መርጊያን ከነኦሞው አጠበው።
ዶሮዋ ጮኸች።
ምሳ ሰዓት ላይ ማርሹን ሲሞክር
አንደኛ ላይ ትቶት ሄዶ ነበር።

ማንም አልተናገረም። ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገባ።
ቢፍቱ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፦
"ጋሼ፣ እኛ'ኮ 'አዎ' ማለት ብቻ ነው ያስተማርናት።
ፎሌ ብትሆንም አዎ፣
ባትሆንም አዎ።"

ስልኬ ጠራ።
"ደረሰ?"
"አልደረሰም" አልኩት። "ትናንትም አልደረሰም ነበር።"
ለሚ ሰደበኝ፤ በሁለት ቋንቋ ሰደበኝ።
ሲደክመው፣ "እሁድ ይደርሳል?"
"አላውቅም።"
ዝም አለ። ከጀርባው የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።
"እሺ" አለ፣ "እሱን ካወቅክ ጥሩ ነው።"

የጠመዘዝኩትን ፈታሁ።
ሁለቱን ሽቦ በእሳት መከላከያው ቀዳዳ አሳልፌ
እስከ ፍሪሲዮን ፔዳሉ ወሰድኩ፤
ከተገጨች ቪትዝ የተፈታ ስዊች
ፔዳሉ ራስ ላይ አሰርኩ።
ከእንግዲህ መልሱ የእግር ነው፤
ካልረገጡ የለም።

ሲመሽ፣ ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ማማዎች
ክንዳቸውን ቀስ እያሉ ሲያዞሩ፣
ቢፍቱ ገባች፤ ረገጠች፤ አዞረች።
ተነሳ።
ጋሽ መርጊያ እርጥብ ሱሪውን ይዞ፣
ከበርሜሉ ራቅ ብሎ፣ አጨበጨበ።

የኋላ ማርሽ መብራቷ ግን
ወደ ፊት ስትሄድ ነው የሚበራው።
የነገ ሥራ ነው።
ለለሚ ነግሬዋለሁ።